የተመላሿ ቀለም

ቁልፍ ሠሪው አንድ በሽታ አለበት፤ የተዘጋ ነገር ካየ ዕረፍት የለውም። ጓጉንቸርም ይሁን ሣጥን፣ የሰው አፍም ይሁን፣ ለሱ ሁሉም ያው ነው፤ ካልከፈተው አይተኛም። ሰፈርተኛው «ጎርጓሪው» ብሎ ስም ያወጣለት ያለ ነገር አይደለም። ሚስቱማ «አንተኮ ስትወለድ አላለቀስክም፤ 'ይሄ በር ወዴት ነው የሚወስደው?' ነው ያልከው» ትለዋለች። እሱም ይስቃል እንጂ አይክድም።

እንግዲህ ይህ የስንቱን ቤት በር የከፈተ ሰው፣ በገዛ ጓሮው አንዲት ተክል እንቢ አለችው።

ተክሏ ከሟች አማቱ ጓሮ የመጣች ናት። ብርዱ ሲገባ ቅጠሏም አገዳዋም ድርቅ ብሎ መሬት ላይ ይቀራል፤ ያላወቀ ሰው ሞታለች ብሎ ነቅሎ ይጥላታል። ብርዱ ሲሰበር ደግሞ ከዚያው ከሥሯ ብቅ ትላለች። ከዓመት ዓመት እንዲህ ስለምትመላለስ አማቱ «ተመላሿ» ይሏት ነበር፤ ሌላ ስም ይኑራት አይኑራት በዚያ ቤት የጠየቀ የለም። እሳቸው አርፈው ቤቱ ሲሸጥ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ከዕቃው ሁሉ በፊት ያነሱት የሷን ሥር ነበር። በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡት፤ ቁልፍ ሠሪውም ፀሐይ ከሚያገኘው ግንብ ሥር በእጁ ተከለው።

መምጣቱንማ ትመጣለች። ቅጠሏ ይንዠረገጋል፣ ጎመን ያስንቃል። አበባ ግን፣ ውሃ ቢሉ ውሃ፣ ፀሐይ ቢሉ ፀሐይ፣ ልመና ቢሉ ልመና፣ ወይ ፍንክች!

የቀረው ጓሮ እኮ የሚያስቀና ነው። በጋ ሲመጣ ከበሩ እስከ ግንቡ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ወይን ጠጁ ይተራመሳል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናትና ረጃጅሞቹ በነፋስ እንዳይሰበሩ ከስፌት በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከእንጨት ጋር ታስራቸዋለች። የሰፈሩ ሰው ቀሚስና ሸሚዝ ቅዳጅ ጓሮው ውስጥ ይገኛል። ጠዋት ፀሐይ ሳትከርር ሥር ሥሩን ታጠጣለች፣ ማታ የጠወለገውን አበባ ትቀጥፋለች፤ ካልተቀጠፈ ተክሉ ፍሬ ማፍራት ይጀምርና ማበቡን ያቆማል። ለዚህ ሥራ አሮጌ መቀስ አላት። የጨርቅ መቀሷን ለአበባ ሲያነሳ የተገኘ ሰው ግን ወዮለት።

የባልየው ድርሻ ምልክት ማድረግ ነው። እነዚህ ከሥር የሚመለሱ ተክሎች በብርዱ ወራት ከላይ ድራሻቸው ስለሚጠፋ፣ የተኙበትን ረስቶ በአካፋ የሚቆርጣቸው ብዙ ነው። ስለዚህ በያንዳንዳቸው ጎን አንድ ብረት ይተክልና፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ባለቤት ያልመጣለት አሮጌ ቁልፍ ያንጠለጥልበታል። ነፋስ ሲነሳ ጓሮው ቅጭልጭል ይላል። ጎረቤት «እናንተ ቤት ሌባ ቢገባ የቱን እንደሚያነሳ ግራ ይገባዋል» እያለ ይቀልዳል።

አሁን ወደ ጸቡ እንምጣ።

የሚስቱ ታላቅ እህት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከነሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በባሕር ዳርቻ ባለ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ሆቴሉ የሚሠራው በበጋ ነውና፣ ገና በጋው ብቅ ሲል ከእናታቸው ቤት ተነስተው ይሄዳሉ፣ ቅጠል ሲረግፍ ይመለሳሉ። ታናሺቱ ደግሞ የስፌት ትምህርት ቤት አዳሪ ነበረች፤ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው እትዬ ከሄዱ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። እና እነዚህ ሁለት እህትማማቾች በሌላው ሁሉ ተስማምተው በተመላሿ አበባ ቀለም አይስማሙም።

እትዬ «ቀይ ናት!» ይላሉ። «እንደ በርበሬ ቀይ። ቀይ ካልሆነች ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«እትዬ፣ ነጭ ናት» ትላለች ታናሺቱ። «የረገፈውን በእጄ ስጠርግ አልነበር? ነጭ በነጭ!»

ጸቡ የተነሳው እናትየው ካለፉ በኋላ ነው፤ ዳኛው ከሞተ በኋላ የተከፈተ ክርክር መቼ ያልቃል? ተክሏ አብባ እንዳትፈርድ ደግሞ እሷ ያው ቅጠል ብቻ ናት። በመጨረሻ የተመላሿ ነገር ሲነሳ አንደኛዋ ከክፍሉ ወጥታ መሄድ ጀመረች። ስለ እናታቸው ማውራትም አብሮ ቀረ፤ ቁልፍ ሠሪው ከሁሉም የሚቆጨው ይሄ ነበር። አማቱን ይወድ ነበር፣ ወሬያቸው ናፍቆታል።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው እትዬ ማየት ሲያስቸግራቸው ነው። መጀመሪያ መብራቱን አሙ፣ ቀጥሎ መነጽሩን አሙ፣ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ያደረሳቸው ቁልፍ ሠሪው ነው፤ ሐኪሙንም በጥያቄ አፋጠጠው። ሐኪሙ አልደበቀም፤ የዓይናቸው ነርቭ እየደከመ ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የሚያደርገው ማዘግየት ብቻ ነው። የሚመጣውን በጋ ያዩታል ወይ ለሚለው ትከሻውን ነቀነቀ። «ትንሽ ያዩ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ቃል አልገባም።»

ተመልሰው በራቸው ላይ ሲደርሱ እትዬ ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አሉት። «የእማዬን አበባ አንዴ ልየው። ከዚያ በኋላ ይጨልም፣ ግድ የለኝም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብለው ማሉ ሲባል የሰማ የለም። ታናሺቱም «ነጭ» የምትለውን ቃል ዋጠችው። ቁልፍ ሠሪውም ተመላሿ ፊት በርጩማ ይዞ ተቀመጠ።

እንደ ጓጉንቸር ነው የያዛት። ጓጉንቸር እንቢ ሲል አይደበደብም፣ የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፤ መጀመሪያ ይታያል፣ ይዳሰሳል። ቅጠሏን ገለባበጠ፣ ትል የለም። ጥላ ያርፍባት እንደሆን ብሎ ፀሐይን ከጠዋት እስከ ማታ ተከተላት፤ ጥላ የለም። በቀኟ ያለችው ተክል አብባለች፣ በግራዋ ያለችውም አብባለች። «ምን ጎደለሽ እንግዲህ?» አላት። እሷ ምኗ ሞኝ ነው የምትመልስለት!

ነፋስ የመጣው ያኔ ነው። በቀኝ ቅጭል፣ በግራ ቅጭል። መሀል ላይ ጸጥ።

ቁልፍ ሠሪው ቀና አለ። የተመላሿ ቁልፍ የት ገባ?

ብረቱ እንዳለ ነው፤ ግን ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው፣ ከአፈር ላይ እንደ ምስማር ራስ ብቅ ብሎ። እሱ ሲተክለው ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ይል ነበር። ብረት ደግሞ በራሱ አይሰምጥም። በጣቱ መማስ ጀመረ። ማሰ፣ ማሰ፣ ጣቱ ገብቶ ሊያልቅ ሲል ቀዝቃዛ ነገር ነካው። ቁልፉ ነበር፤ ዝጎ፣ አፈር ጠግቦ።

«ወይ ጉድ!» አለ ብቻውን። «አንቺ አልሰመጥሽም። አፈሩ ነው ያደገው።»

ግን አፈር ምን በልቶ ያድጋል? እዚህ ላይ ጎርጓሪው ትንሽ ላበው፤ ምክንያቱም የመልሱን ሲሶ ራሱ ያውቀዋል። ሆኖም የሰው ጠባይ ነውና መጀመሪያ ሌላ ሰው ሊጠረጥር ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት፣ እትዬ አጠገቧ ተቀምጠው ቁልል ጨርቅ በእጃቸው እየዳሰሱ ያጥፋሉ። የዛገውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ተመላሿ ላይ አፈር የሚደፋው ማን ነው?»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ሚስቱ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ… በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ፣ ብርዱን እንድትችልልኝ ብዬ ብስባሽ አለብሳታለሁ። ደህናውን፣ የተነፋውን። ምን ላድርግ፣ አሳዘነችኝ!»

«አንቺም?» አሉ እትዬ።

«እንዴት አንቺም?»

«እኔማ የሻይ ቅጠሉንም፣ የእንቁላል ቅርፊቱንም፣ ከአሮጌ ማሰሮ የወጣውን አፈርም፣ ሁሉን ለሷ ነው የምሰጥ። ታዲያ በዚያ ብርድ ራቁቷን ትደር እንዴ?»

ሁለቱም ዞረው ቁልፍ ሠሪውን ተመለከቱት። ያን ጊዜ እትዬ ፊቱን በደንብ አያዩትም፤ ግን ዝምታውን አወቁት።

«አንተስ?» አለች ሚስቱ።

ማጅራቱን አሸት አሸት አደረገ። «እኔ እንኳ… አንድ ባልዲ ብቻ ነው። በየዓመቱ።»

አይ፣ አይ! ሦስት ሰው፣ አንዱ ካንዱ ተደብቆ፣ አንዲት ምስኪን ተክል በፍቅር ከነነፍሷ ሲቀብር ኖሯል! ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው። እትዬ በመጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ሚስቱ፣ ከዚያ ሦስቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንዲህ ያለ ሳቅ በዚያ ቤት ከተሰማ ስንት ጊዜው! ሳቁ ሲበርድ ግን እትዬ እጃቸው ጨርቁ ላይ እንዳለ ቀረ።

«እማዬ እኮ አትሸፍናትም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ይልቅ ትገልጣት ነበር። ብርዱ ሊገባ ሲል፣ እኔ ከሆቴሉ ስመለስ፣ ተንበርክካ አፈሩን ከላይዋ በእጇ ትጠርግላታለች። 'ምነው፣ አይበርዳትም?' ስላት፣ 'ብርድ አናቷን ካልነካት መተኛቷን አታውቅም፤ መተኛቷን ካላወቀች ለምን ታብባለች?' ትለኝ ነበር።»

«ይሄንን ነገር እስካሁን ለምን አልነገርሽንም?» አለች ታናሺቱ።

«መቼ አስወራሽኝ? የሷን ስም ካነሳሁ 'ነጭ!' ብለሽ ትነሻለሽ።»

«አንቺ ነሽ 'ቀይ!' ብለሽ የምትነሺው…» ብላ ጀመረችና እህቷን አይታ ተወችው።

ቅጠል ሲረግፍ ጠብቀው ሦስቱም ወጡ። ተክሏን መንቀል አልደፈሩም፤ ሥሯ ከተነቀለ አኩርፋ ዓመት ልትከርም ትችላለች፣ ዓመት ደግሞ እትዬ የላቸውም። ስለዚህ ባሉበት አፈሩን ከላይዋ ማንሳት ነው። ሚስቱ በማንኪያ፣ እሱ በቀለም ብሩሽ፣ እትዬ በጣታቸው። ከሁሉም የሚሻሉት እትዬ ነበሩ፤ ዓይን የከዳው ሰው ጣቱ ይነቃል። «ቆይ፣ ቆይ፣ አለች!» አሉ ድንገት። ከሥሯ አናት ላይ የሕፃን ጣት የሚያህሉ፣ ቀላ ያሉ ጉጦች ተደርድረዋል። ከላያቸው ስስ አፈር ብቻ ትተው ቁልፉን መልሰው ብረቱ ላይ አንጠለጠሉት።

ያ ብርድ ለሚስቱ ፈተና ነበር። ውርጭ በመታ ቁጥር በመስኮት እያየች ከንፈሯን ትመጥጣለች። አንድ ቀን ብርድ ልብስ ታቅፋ ወደ ጓሮ ስትወጣ ባሏ በር ላይ ያዛት።

«ወዴት ነው?»

«ላናፍሰው ነው።»

«በዚህ ውርጭ?»

ብርድ ልብሱን እንደታቀፈች ተመለሰች። እትዬ ግን በዚያው ወራት ሻዩን ከሲኒው ጎን መቅዳት ጀመሩ፣ በሩን በእጃቸው ፈልገው መውጣት ጀመሩ። ሲኒውም ከዚያ ወዲህ ሰሃን ላይ ይቀመጥ ጀመር።

ብርዱ ሲሰበር ተመላሿ መጣች። ቅጠሏ እንደ ወትሮው አልተንዠረገገም፣ ጨዋ ሆናለች፤ ከመሀሏ ግን አንድ አገዳ ወጣ፣ ጫፉም ላይ እንቡጥ! ክብ፣ ጠንካራ፣ አረንጓዴ። ጉንዳን ወረራት። ሚስቱ በሳሙና ልታጥባት ስትል ቁልፍ ሠሪው ለመናት፤ በርጩማውን አስጠግቶ ጉንዳኖቹ ምን እንደሚያደርጉ ግማሽ ቀን ሲያይ ዋለ። «ጣፋጭ ነገር አላት፣ እሱን ነው የሚልሱት፤ እሷንስ አልነኳትም» ብሎ የምሥራች እንደሚያበስር ሰው ገባ። እትዬም በየቀኑ ወጥተው እንቡጧን በሁለት ጣታቸው ይይዟታል። «ዛሬ ላላ ብላለች» ይላሉ። «ነገ ነው፣ ከነገ ወዲያ ነው።»

የፈነዳችው ጠዋት ነው፤ መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ናት። የውሃው ባልዲ ከእጇ ወደቀ። ቁልፍ ሠሪው ሮጦ ሲወጣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

ቀይ ናት። እንደ በርበሬ ቀይ።

«ልክ ነበረች» አለች ሚስቱ። ስትረታ ደስ ሲላት ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። ሮጣ ገብታ እህቷን በእጅ ይዛ አመጣቻቸው። «እትዬ፣ ነይ፣ ነይ! አሸንፈሻል! እይያት!»

እትዬ ጎንበስ አሉ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ አሉ፣ ወደ ግራ አሉ።

«የት ጋ ናት?»

«ይቺው፣ ፊትሽ! እዚህ!»

«ቅጠሉ ይታየኛል… ቅጠሉ ውስጥ ጥቁር ነገር አለ።» ጣታቸውን ሰደዱ፤ አበባዋን አገኙ፣ ዙሪያዋን ዳሰሱ። በዚያ በደከመ ዓይን አረንጓዴ ላይ ያለ ቀይ ጥቁር ነው፤ ጥላ ነው። ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ቀይ ናት ያልሽው?»

«ቀይ ናት፣ እትዬ።»

«ይሁን። ልክ መሆኔም ደግ ነው» ብለው ብቻቸውን፣ ግንቡን እየዳሰሱ ገቡ።

ሚስቱ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ምርር ብላ አለቀሰች። «ቀይ ካልሆነች አይደል ያለችው? 'ካልሆነች ዓይኔን ግንባር ያድርገው' አይደል? ይኸው ቀይ ናት! ታዲያ ዓይኗ ምን አጠፋ?» ይህን በር የሚከፍት ቁልፍ ከቁልፍ ሠሪው ቁልፎች ሁሉ መሀል አንድም የለም።

እትዬ ከዚያ ወዲያ ጓሮ አልወጡም። በኋለኛው ክፍል መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ጨርቅ ያጥፋሉ። ተመላሿን የሚያያት ቁልፍ ሠሪው ብቻ ሆነ፤ ሚስቱ በዚያ በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፣ ውሃውን እንኳ እሱ ነው የሚያጠጣ። በማግሥቱ ሲያያት ቀለሟ ደብዘዝ ያለ መሰለው። ዓይኔ ነው ብሎ ተወው። በሚቀጥለው ቀን ጠርዟ እንደ ኮክ ሆኗል። አልታመመችም፣ አልጠወለገችም፤ ይልቅ ተከፍታ ሰፍታለች። ለማንም አልተናገረም፤ ዳግመኛ ተስፋ ሰጥቶ ሊያስለቅስ አልፈለገም። በየጠዋቱ እየወጣ፣ እያየ፣ ራሱን እያከከ ይመለሳል።

አንድ ማለዳ ሦስቱም ቤት ውስጥ ሳሉ እትዬ ከመስኮታቸው ተጣሩ።

«አንቺ! ጨርቅሽን አንሺ እንጂ፣ ጤዛ ይበላዋል!»

«የቱን ጨርቅ?»

«ግንቡ ሥር የጣልሽውን ነዋ፣ ነጩን!»

ሚስቱ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ባሏም ተከተላት። ግንቡ ሥር ጨርቅ የለም። ባሏን አየችው፣ ባሏ ተመላሿን አሳያት። ነጭ ናት። ትልቅ፣ እንደ ሳህን የተከፈተች፣ ቅላት የሚባል ያልቀረባት ነጭ። አንዲት የአበባ ቅጠል ረግፋ ሥሯ ወድቃለች።

«እትዬ» አለች፤ «ጨርቅ አይደለም።»

እትዬ ያለ ማንም እርዳታ መጡ። ግንቡን አልዳሰሱም፤ ዓይናቸውን ነጯ ላይ ተክለው ቀጥ ብለው ነው የመጡት። አጠገቧ ሲደርሱ ተንበርክከው ፊታቸውን አስጠጉ፣ ብዙ ቆዩ።

«ታየችኝ» አሉ። «አየኋት እኮ!» እየሳቁም እያለቀሱም ነው። «ነጭ ናት። አንቺ ልጅ፣ ነጭ ናት!»

ታናሺቱ አጠገባቸው ተንበረከከች። «ቀይ ሆና ነው የወጣችው፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። ከዚያ ነው የነጣችው።»

«እኔ ስሄድ ቀይ ነበረች።»

«እኔ ስመጣ ነጭ ነበረች።»

ከዚያ እትዬ የረገፈችውን ነጭ አንስተው መዳፋቸው ላይ አኖሯት።

«እኔ ከሄድኩ በኋላ፣ አንቺ ሳትመጪ» አሉ፤ «ስትነጣ የምታያት እማዬ ብቻ ነበረች። ብቻዋን።»

ቁልፍ ሠሪው የሚጠይቀው ብዙ ነገር ነበረው። ያን ጊዜ ግን አንድም አልጠየቀም። ቤት ገብቶ ሁለት ወንበር አመጣና አስቀመጣቸው፤ ጥቂት ቆሞ ከተመለከታቸው በኋላም ተመልሶ ሦስተኛውን ለራሱ አመጣ።